ስሙን የደበቀው ደራሲ፤ የዬኖ ሬይቶ የሕይወት ታሪክ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊነሣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፤ በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት፤ ፒ. ሃዋርድ የሚባል ደራሲ ስሙ እጅግ ገንኖ ነበር። መጻሕፍቱ በርካሽ ዋጋ የሚሸጡ፤ ሽፋናቸው በደማቅ ቀለም ያጌጠ፤ ስለ መርከበኞችና ስለ ወንበዴዎች፤ ስለ ሰሐራ በረሃና በዚያ ስለሚዋጉ ወታደሮች የሚናገሩ ነበሩ። ተማሪው በደብተሩ ውስጥ ሸሽጎ፤ ሠራተኛው በትራም ላይ ቆሞ፤ ሹሙም በቢሮው መሳቢያ ከትቶ ያነባቸው ነበር። አንባቢዎቹም ይህ ሃዋርድ የተባለ ሰው ከእንግሊዝ ወይም ከአሜሪካ የመጣ፤ ባሕሩንና በረሃውን ሁሉ የዞረ ሽማግሌ ካፒቴን ሳይሆን አይቀርም ብለው ያስቡ ነበር። እርሱ ግን በዚያው በከተማቸው በአንድ ቡና ቤት ጥግ ተቀምጦ፤ ሲጋራውን እያጤሰ ሌሊቱን ሁሉ የሚጽፍ የሠላሳ ጥቂት ዓመት ጐልማሳ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ይህ ሰው በእውነተኛ ስሙ ዬኖ ራይኽ ይባላል። የተወለደው መጋቢት 29 ቀን 1905 ዓ.ም. በቡዳፔስት ከተማ፤ ከአይሁድ ወገን ከሆነ ቤተ ሰብ ነው። በደራሲነቱ የታወቀው ግን ሬይቶ በሚለው ስም ነው። ሬይቶ ማለት በሀንጋሪ ቋንቋ የሚደብቅ፤ የሚሸሽግ ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚለውን የእኛን አገር አባባል ለሚያስታውስ ሰው ይህ ነገር ሳያስገርመው አይቀርም፤ የዚህ ሰው ዕድሜ በሙሉ ከስም መደበቅና ከስም መገለጥ ጋር የተያያዘ ነውና። ይህንንም ወደ ኋላ እናየዋለን።

ዬኖ በልጅነቱ የተመኘው ደራሲ ለመሆን አልነበረም። በወጣትነቱ ቦክስ ይጋጠም ነበር፤ አፍንጫውም የተሰበረው በዚሁ ምክንያት ነው ይባላል። ከዚያ ደግሞ የቴያትር ፍቅር አደረበትና ሲዲ ራኮሺ በተባለችው ስመ ጥር ተዋናይት የቴያትር ትምህርት ቤት ገብቶ በ1924 ዓ.ም. ትምህርቱን ጨረሰ። ዳሩ ግን በመድረክ ላይ ብዙ ስም ሳያተርፍ ቀረ። አፍንጫው የተጣመመ ጐበዝ የፍቅረኛ ሚና ማን ይሰጠዋል!

ከዚህም በኋላ ከአገሩ ወጥቶ በአውሮፓ ከተሞች ይንከራተት ጀመር። ጀርመን አገር ሄደ፤ ፈረንሳይም ደረሰ። ኪሱ ባዶ፤ ሆዱም ብዙ ጊዜ ባዶ ነበር። ስለዚህ ዘመን የሚነገረው ታሪክ ብዙ ነው፤ በወደብ ሸክም ተሸክሟል፤ በምግብ ቤት ሳሕን አጥቧል፤ እስከ ሰሜን አፍሪካም ድረስ ዘልቆ በፈረንሳይ የውጭ አገር ሰዎች ሌጂዮን ውስጥ ወታደር ሆኖ አገልግሏል ይባላል። ከዚህ ውስጥ የትኛው የሆነ፤ የትኛው የፈጠራ እንደ ሆነ መለየት አስቸጋሪ ነው። የሌጂዮን ወታደርነቱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልተገኘም፤ ራሱም እውነቱን ከማውጣት ይልቅ ወሬው ሲሰፋ ማየት ደስ ሳይለው አልቀረም። ይህንን የመንከራተት ዘመኑን የጻፈበት የጉዞ ማስታወሻ ከሞተ በኋላ ታትሟል፤ በዚያም ውስጥ ረኃቡን፤ ብርዱንና የፖሊሱን ጥየቃ ሁሉ እያሣቀ ይተርከዋል። በሚያስለቅስ ነገር ላይ መሣቅን የተማረው በዚህ ጊዜ ይመስለናል።

ወደ ቡዳፔስት ከተመለሰ በኋላ መጀመሪያ እንጀራ የሰጠው የቀልድ መድረክ ነው። በዚያን ዘመን በከተማይቱ ውስጥ ካባሬ የሚባሉ ትናንሽ ቴያትር ቤቶች ነበሩ፤ በነዚህም አጫጭር የቀልድ ጨዋታዎች፤ ዘፈኖችና የዘመኑን ኑሮ የሚተቹ ንግግሮች ይቀርቡባቸዋል። ሬይቶ ለነዚህ ቤቶች እጅግ ብዙ አጫጭር ጨዋታዎችን ጻፈ። ቤላ ሻላሞን የተባለው የታወቀ የቀልድ ተዋናይ የነገሠበት የቴሬዝ ጐዳና መድረክ የሬይቶን ጽሑፎች ከተጫወቱት አንዱ ነው። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ የደፈረ ያሸንፋል የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የሰጠውን ኦፔሬታ፤ ማለት ዘፈንና ቀልድ የተቀላቀለበትን ቴያትር፤ ለመድረክ አቀረበና ስሙ ታወቀ። በካባሬ መድረክ ተመልካቹ በየደቂቃው ካልሣቀ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ስለዚህ ደራሲው አንዲትም ቃል በከንቱ ማጥፋት አይችልም። ሬይቶ በኋላ በልብ ወለዶቹ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ የሚያስደንቅ ፍጥነትና ጨዋታ የሚያሳየው ይህን ትምህርት ቤት ስላለፈ ነው።

ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። ኖቫ የተባለው ማተሚያ ድርጅት ርካሽ የጀብዱ መጻሕፍትን ያሳትም ነበር። ነገር ግን አንባቢው ስለ ሰሐራ በረሃና ስለ ሲንጋፖር ወደብ የሚተርክ መጽሐፍ ሲገዛ፤ የጻፈው የውጭ አገር ሰው ካልሆነ አያምነውም። የጐረቤት ልጅ ስለ ባሕር ምን ያውቃል ይላል። ይህ ነገር በእኛም ዘንድ የማይታወቅ አይደለም፤ ከውጭ የመጣ ሁሉ የሚመረጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሬይቶ የበረሃና የባሕር ታሪኮቹን ፒ. ሃዋርድ በሚል ስም፤ የአሜሪካ የላም ጠባቂዎችንና የሽጉጥ ታሪኮቹን ደግሞ ጊብሰን ላቬሪ በሚል ስም አወጣ። ስሙ የሚደብቅ የነበረው ሰው አሁን በእውነት ተደበቀ።

አሁን ጥቂት ስለ መጻሕፍቱ እንናገር፤ ሰውየው የሚታወቀው በነሱ ነውና።

ከሁሉ ይልቅ የተወደደለት በ1940 ዓ.ም. የወጣው ባለ ዐሥራ አራት ካራት አውቶሞቢል የተባለው ነው። የመጽሐፉ ባለ ታሪክ ኢቫን ጎርቼቭ የተባለ ገና ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው መርከበኛ ሲሆን፤ ታሪኩ የሚጀምረው ይህ ልጅ በፊዚክስ የተሰጠውን የኖቤል ሽልማት ከአንድ ፕሮፌሰር በካርታ ጨዋታ አሸንፎ ሲወስድ ነው። አንባቢ ሆይ፤ ይህን አስበው፤ ታላቁ ሊቅ ሽልማቱን ከተቀበለ በኋላ አንድ ካርታ ተጫዋች ጐረምሳ ይገጥመውና ገንዘቡን ይለቅመዋል! ከዚያ በኋላ ጎርቼቭ በቆንጆ ልጅ ፍቅር ተይዞ፤ በሌጂዮንም ገብቶ፤ ከወርቅ የተሠራ አንድ አልፋ ሮሜዎ መኪና እያሳደደና በመኪናውም ምክንያት እየተሳደደ ይሄዳል። አንድ ሐሳብ የማይጨርስ፤ አንድ ጥያቄም በቀጥታ የማይመልስ ሰው ነው፤ ጠላቶቹ ሊገድሉት መጥተው በንግግሩ ብቻ ግራ ተጋብተው ይመለሳሉ።

ቆሻሻው ፍሬድ የተባለው ካፒቴን ደግሞ በሌሎች መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ልብሱን የማያጥብ፤ ጢሙ የተንጨባረረ፤ ስግብግብ ሽማግሌ ነው፤ ነገር ግን በባሕር ላይ እርሱን የሚበልጥ መርከብ ነጂ የለም፤ በተንኰልም የሚያሸንፈው አልተወለደም። በ1940 ዓ.ም. በታተመውና በዚሁ ካፒቴን ስም በተጠራው መጽሐፍ ውስጥ እስከ ጆሮው ጂሚ የተባለ የወደብ ጐረምሳ በአጋጣሚ ምክንያት በአንዲት ትንሽ ደሴት ንጉሥ ቦታ ተተክቶ ዙፋን ላይ ይቀመጣል። ፊደል በቅጡ የማይቈጥር ሰው መንግሥት ሲያስተዳድር፤ ከሹማምንቱም ከብዙዎቹ ይልቅ ፍርድ ሲያውቅ እናያለን። ደራሲው ይህን ሲጽፍ በአገሩ የነበሩትን ሹማምንት ማሰቡን በግልጽ አልተናገረም፤ መናገርም አያስፈልገውም ነበር።

ወርቃማዋ ዐውሎ ነፋስ ብለን ልንተረጕመው የምንችለው በ1939 ዓ.ም. የወጣው መጽሐፍ በአንድ ትንሽ የቡድሃ ሐውልት ውስጥ የተደበቀ አልማዝ ስለምትፈልግ ኤቭሊን ዌስተን ስለምትባል ልጃገረድ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ በሽታ ገብቷል ተብሎ በተዘጋ ትልቅ ሆቴል ውስጥ የሚፈጸም የግድያ ምስጢር ነው። ሦስቱ ዘበኞች በአፍሪካ የሚለው በ1940 ዓ.ም. ታተመ፤ ይህም አሌክሳንድር ዱማ የጻፈውን ታዋቂ ታሪክ በርእሱ እያስታወሰ ሦስት የሌጂዮን ወታደሮችን የሚያስከትል ነው። ከሦስቱ አንዱ ስሙ ማንም ማለት ነው። ደራሲው በስም መጫወት ምን ያህል ይወድ እንደ ነበር ከዚህ ይታወቃል፤ በመጻሕፍቱ ውስጥ ወረቀት የጠፋበት፤ በሌላ ሰው ፓስፖርት የሚሄድ፤ ስሙን ሲጠይቁት የሚሥቅ ሰው የሌለበት ጥቂት ነው።

በአገራችን አንዳንድ መምህራን እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ጊዜ ማባከኛ ነው ይሉታል። በሀንጋሪም በዚያን ጊዜ እንዲህ ይሉት የነበሩ ብዙዎች ናቸው፤ ተቺዎቹም ስለ ፒ. ሃዋርድ መጻፍ ክብራቸውን የሚነካ መስሏቸው ዝም አሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። የሬይቶ ጀግኖች ሁሉ ከኅብረተ ሰቡ የተጣሉ ናቸው፤ አገር የሌላቸው፤ ወረቀት የሌላቸው፤ በሕግ የሚፈለጉ። እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይሰራረቃሉ፤ ይደባደባሉ፤ ነገር ግን ጓደኛቸውን አሳልፈው አይሰጡም። ባለ ሥልጣኑ ውሸታም ሲሆን ሌባው ቃሉን ይጠብቃል። ይህን የሚያነብ የቡዳፔስት ሰው፤ በየቀኑ ጋዜጣው ስለ ጥላቻና ስለ ጦርነት ሲያወራ ለሚሰማው ሰው፤ ሣቁ ብቻውን እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

የሬይቶ የጽሕፈት ቤቱ ጃፓን የሚባለው ቡና ቤት ነበር። ይህ ቡና ቤት አንድራሺ በተባለው ሰፊ ጐዳና ላይ ሲሆን ደራስያንና ሠዓሊዎች የሚሰበሰቡበት ነበር። ሬይቶ ሲመሽ ይመጣል፤ ሌሊቱን ሲጽፍ ያድራል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ጭንቅላቱን በጠረጴዛው ላይ አድርጎ ይተኛል። ስለ እርሱ ከሚነገሩት ታሪኮች ሁሉ የታወቀው ይህ ነው፤ ለበላውና ለጠጣው የሚከፍለው ሲያጣ አዲስ ከጻፈው ጥቂት ገጽ ቀድዶ ለአሳላፊው ይሰጠዋል፤ አሳላፊውም ወረቀቱን ወደ አሳታሚው ወስዶ ገንዘቡን ይቀበላል ይባላል። ይህ እውነት ቢሆንም ባይሆንም፤ መጻሕፍቱ በብዛት ሲሸጡ ደራሲው ግን ሁልጊዜ ባለ ዕዳ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የሚያገኘውን ገንዘብ ከኪሱ አያሳድርም፤ በቁማር ይበላል፤ ለለመነው ይሰጣል። ከዚያም የጠፋውን ለመተካት እንደ ገና ሲጽፍ ያድራል። እንቅልፍን ለማባረርም በዚያን ጊዜ ይሸጥ የነበረውን የሚያነቃ ክኒን መዋጥ አመጣ፤ ክኒኑም ልማድ ሆነበትና ጤናውን ጐዳው፤ ሐኪም ቤትም አስተኛው። ሌላውን የሚያሥቀው ሰው በጠረጴዛው ላይ ብቻውን ሲቀር ምን ይመስል እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን።

ዳሩ ግን ከክኒኑ ይልቅ የከፋ ነገር ይመጣ ነበር። በ1938 ዓ.ም. የሀንጋሪ ፓርላማ የመጀመሪያውን ፀረ አይሁድ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት በጋዜጣ፤ በቴያትርና በፊልም ሥራ ውስጥ ሊገቡ የሚችሉት አይሁዶች ከመቶ ከሃያ እንዳይበልጡ ተወሰነ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ሁለተኛው ሕግ ይህን ቍጥር ከመቶ ወደ ስድስት አወረደው፤ በ1941 ዓ.ም. ደግሞ ሦስተኛው ተጨመረ። ትናንት ያጨበጨቡለት የመድረክ ሰዎች በሩ ሲዘጋበት ሊረዱት አልቻሉም፤ ብዙዎቹም ራሳቸው ከውጭ ቀሩ። የፊልሙም መንገድ እንዲሁ ተዘጋ። ጽሑፉ ሁሉ እንደ ፊልም በዐይን ፊት የሚሮጥ ለሆነ ሰው ይህ እጅግ ያሳዝናል።

እንግዲህ ምን ቀረው? የተውሶ ስሙ ቀረው። ዬኖ ራይኽ በመድረክም በጋዜጣም እንዳይሠራ ሲከለከል ፒ. ሃዋርድን የከለከለው አልነበረም። መጀመሪያ ለገበያ ሲባል የተወሰደው ስም አሁን ጋሻ ሆነ። ከላይ የዘረዘርናቸውን መጻሕፍት ዓመተ ምሕረት የተመለከተ ሰው ልብ ይላል፤ ከሁሉ የሚያሥቁት፤ ከሁሉ ደስ የሚሉት መጻሕፍት የታተሙት ሕጎቹ በወጡባቸው በ1939 እና በ1940 ዓ.ም. ነው። ሕጉን ያጸደቁት ሰዎች ራሳቸው ማታ አልጋቸው ላይ ሆነው ሃዋርድን እያነበቡ ሳይሥቁ አልቀሩም።

በዚሁ ዘመን የሀንጋሪ መንግሥት አይሁዶችን መሣሪያ የማያስይዝ የግዳጅ ሥራ አቋቁሞ ነበር። በዚህ የገቡት ሰዎች ከጦር ሠራዊቱ ኋላ ምሽግ ይቈፍራሉ፤ መንገድ ይጠርጋሉ፤ ፈንጂ የተቀበረበትን መሬት ያጸዳሉ። ሀንጋሪ ከጀርመን ጋር ሆና በሶቪየት ኅብረት ላይ በዘመተች ጊዜ፤ በ1942 ዓ.ም. ሁለተኛው የሀንጋሪ ጦር ወደ ዶን ወንዝ ሲላክ፤ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ የግዳጅ ሠራተኞችም አብረው ተላኩ። ብዙዎቹ በረኃብ፤ በብርድ፤ በበሽታና በጠባቂዎቻቸው ጭካኔ አለቁ።

ሬይቶ በሽተኛ ስለ ነበረ እስከ 1942 ዓ.ም. መጸው ድረስ በቡዳፔስት ቈየ። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ግን ብቻችንን ነን የሚል ትርጉም ያለው ስም የነበረው አንድ የቀኝ አክራሪዎች ጋዜጣ ስለ እርሱ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉም ፒ. ሃዋርድ የተባለው ደራሲ ሌላ ሳይሆን ዬኖ ራይኽ የተባለ አይሁዳዊ መሆኑንና ሌሎች በግዳጅ ሥራ ሳሉ እርሱ በቡና ቤት ተቀምጦ ልብ ወለድ እንደሚጽፍ የሚገልጥ ነበር። ጋሻው በአንድ ቀን ተቀደደ። ብዙም ሳይቈይ የጥሪው ወረቀት ደረሰው፤ ጤናው ሳይመለስ፤ ክረምቱ ሲገባ ከግዳጅ ሠራተኞቹ ጋር ወደ ምሥራቅ ተላከ።

ሦስቱ ዘበኞች በሚለው መጽሐፉ ውስጥ ጀግኖቹ ኢጎሪ ወደምትባል አስፈሪ የቅጣት ሠፈር ይላካሉ። ግርፋትና ሞት ይጠብቀናል ብለው ሲደርሱ ግን የሚያገኙት ዘፈንና ጥሩ ምግብ ነው። ይህን የጻፈው ሰው የደረሰበት ሠፈር እንዲህ አልነበረም። ከቮሮኔዥ በስተ ደቡብ በምትገኘው የቭዳኮቮ በተባለች ሥፍራ፤ በሩስያ ብርድ ውስጥ፤ ጥር 1 ቀን 1943 ዓ.ም.፤ የፈረንጆች አዲስ ዓመት በባተበት ቀን ሞተ። ዕድሜው ሠላሳ ስምንት ዓመት አልሞላም ነበር። ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ የሶቪየት ጦር በዶን ላይ ታላቁን ማጥቃት ጀመረና የሀንጋሪ ጦር ተደመሰሰ።

ከጦርነቱ በኋላ መጻሕፍቱ ለጥቂት ጊዜ እንደ ገና መታተም ጀምረው ነበር። ነገር ግን ኮሚኒስቶች ሥልጣን በያዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለሠራተኛው ሕዝብ የማይጠቅም ቆሻሻ ነው ተባለና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከገበያ ጠፋ። ያን ጊዜ ሕዝቡ የቀሩትን አሮጌ ቅጂዎች እየተዋዋሰ፤ ቅጠሎቻቸው እስኪበጣጠሱ ድረስ አነበባቸው። ከ1956 ዓ.ም. ዐመፅ በኋላ መንግሥቱ እጁን ጥቂት ሲያላላ መጻሕፍቱ ተመለሱ፤ ከዚያም ወዲህ እየተደጋገሙ በብዙ ብዛት ታተሙ። ፓል ኮርችማሮሽ የተባለ ሠዓሊ ታሪኮቹን በተከታታይ ሥዕል እያደረገ ፊውለሽ በተባለው የእንቈቅልሽና የጨዋታ መጽሔት ላይ ስላወጣቸው፤ ማንበብ በቅጡ ያልቻሉ ሕፃናት እንኳ ቆሻሻውን ፍሬድ በመልኩ ያውቁት ጀመር። ፊልሙም ዘግይቶ መጣ፤ በተዘጋው ሆቴል ውስጥ የሚፈጸመው ታሪክ በ1963 ዓ.ም.፤ ሦስቱ ዘበኞች በአፍሪካ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. ለፊልም በቁ። ቀድሞ ዝም ያሉት ተቺዎችም ተራ የተባለውን የጀብዱ ልብ ወለድ ወደ ሥነ ጽሑፍ ደረጃ ያደረሰ ደራሲ ነው ብለው ስለ እርሱ መጻፍ ያዙ።

ጃፓን የሚባለው ቡና ቤት ዛሬ የለም፤ በቦታው የደራስያን ሱቅ የሚባል የመጻሕፍት መደብር ቆሞበታል። መጻሕፍቱ እንደ ገና ሲታተሙም በሽፋናቸው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሬይቶ ዬኖ ነው፤ ፒ. ሃዋርድ ከሥር በቅንፍ ውስጥ ይገባል።